ኤልዳን አቃቂ በሰቃ የመጣ ጊዜ

እኔ ዓለሚቱ ፈሪ ሴት አይደለሁም። አቃቂ በሰቃ ልብስ ስፌት ቤት ከፍቼ ከስንቱ ነገረኛ ደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ግን የጎረቤቴ ልጅ እምነት ያንን መጽሐፍ ይዛ ሱቄ ከገባች ወዲህ፣ ምን ልበላችሁ፣ ጥላዬንም መፍራት ጀመርኩ።

እምነት እኔ ዘንድ ቁልፍ ትሰፋለች፣ ጫፍ ትቀመቅማለች። እጇ ቀልጣፋ ነው፤ አፍ ግን አልፈጠረባትም። "ደህና ነሽ?" ሲሏት "ደህና" ብላ ታቀረቅራለች፣ በቃ። ድምፅዋ የሚሰማው ስታነብ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ የስፌት መኪናዬ ይቆማል፤ ያኔ ብርሃን ፍለጋ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ የእኔ ዓይን ደክሟል። ስታነብ ሌላ ሰው ናት። ልጅቱ ስታለቅስ ታለቅሳለች፣ ወንዱ ሲናገር ድምፅዋን ታወፍረዋለች።

"የወጣቶች የፍቅር ልብ ወለድ ነው" ብላኝ ነበር። የምን ፍቅር! ኤልዳን የሚባል መልከ መልካም ልጅ ወንዝ ገብቶ ይሞታል። ሞቶም አርፎ አይተኛም፤ ጀንበር ስትጠልቅ ከውኃው እየወጣ የአንዲት ልጃገረድ ፍቅር ይይዘዋል። እሷም አብራ ታብዳለች። የሚያስፈራው ደግሞ፣ "ሙት ብትሆንም ያንተ ነኝ" ብላ በአፏ ከተናገረች ከዚያ ወዲያ መላቀቅ የለም። ኧረ በስመ አብ! ከሱቄ ጀርባ የሚያልፈው የአቃቂ ወንዝ ነው፤ ውኃው ድምፅ ባሰማ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል። "በቃ፣ ዝጊው!" እላታለሁ። ትዘጋዋለች። ትንሽ ቆይቼ "እሺ፣ ከዚያስ?" እላለሁ።

"እትዬ ደግሞ! እየፈሩ ይጠይቃሉ!" ብላ ትስቃለች። ምን ላድርግ፣ ጣፈጠኝ። ስንት ተከታታይ ድራማ ሳይ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን እምነት ልትዳር ነበር። ዘካሪያስ የሚባል፣ ሳሪስ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ ዕድሜው ከእናቷ ከአሰጋሽ እምብዛም የማያንስ ሰው ሽማግሌ ላከ። አሰጋሽ እሺ አለች፤ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ ተቆረጠ። አሰጋሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ፋብሪካ በፈረቃ እየሠራች ብቻዋን ነው ያሳደገቻት፤ ጭንቀቷ ሁሉ "ሳልሞት ለወግ ለማዕረግ ላብቃት" ነው። እምነት "እማዬ፣ አልፈልገውም፣ እፈራዋለሁ" ብትላት "ሴት ልጅ መጀመሪያ ትፈራለች" አለቻት። እኔ ዘንድ መጥታ ስታለቅስም፣ እኔው "ፍቅር እያደር ይመጣል፤ ሰውየው ቤት አለው" ብዬ ሸኘኋት። ከዚያ በኋላ ስለ ዘካሪያስ ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ከሰዓት እንደልማዱ መብራት ጠፋ። መጽሐፉም የፈራነው ቦታ ላይ ደርሷል፤ ልጃገረዷ ወንዝ ዳር ቆማለች። እምነት እንባዋ እየወረደ "ኤልዳን፣ ሙት ብትሆንም ያንተ ነኝ!" ብላ አነበበች። ቀና ስል አሰጋሽ ከበሩ መጋረጃ አጠገብ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለችኝ።

"መጽሐፍ ነው እኮ አሰጋሽ! ልብ ወለድ!"

"መጽሐፍ ከሆነ ለምን ታለቅሳለች? ለካ ዘካሪያስን ያስጠላት ይሄ ነው! ልጄን ዓይነ ጥላ ይዟታል!"

እኛ ሰፈር ሴት ልጅ ባል እምቢ ካለች ለምን ብሎ የሚጠይቃት የለም። የማይታይ መንፈስ ወዷት ከወንድ እያጣላት ነው ይባላል፤ ዓይነ ጥላ የሚሉት እሱን ነው። ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔንም ፈራ ፈራ አለኝ። ቃሉን በገዛ አፏ ተናግራዋለች እኮ!

በማግስቱ ማለዳ እህል ሳንቀምስ፣ ነጠላችንን አጣፍተን ሦስታችንም ጠበል ሄድን። ውኃው ሲወርድባት ጮኸች። የሚያጠምቁት ቄስ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው እንደ ወጉ "ማን ነህ? ተናገር!" አሉ። ውኃው ተደገመ። "ስምህን ተናገር!"

"ኤልዳን" አለ ከእምነት አፍ የወጣ ወፍራም ድምፅ።

ክው ብዬ ቀረሁ።

"የት አገኘሃት?"

"ወንዝ ዳር።"

"ለምን ያዝካት?"

"እወዳታለሁ። እሷም ያንተ ነኝ ብላኛለች።"

እስከዚህ ድረስ መጽሐፉ ነው፣ አውቀዋለሁ። "አባ፣ ልብ ወለድ ነው!" ብዬ ልጮህ ስል ድምፁ ቀጠለ። "ለዘካሪያስ ከሰጣችኋት ይዣት ወንዝ እገባለሁ። ካልሰጣችኋት ዛሬውኑ እለቃታለሁ።"

ይሄ መጽሐፉ ውስጥ የለም! ዘካሪያስ የሚባል ሰው እዚያ ውስጥ በጭራሽ የለም! የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ቄሱ "ካንተ ጋር ድርድር የለም፣ ውጣ!" ብለው ገሠጹ። አሰጋሽ ግን ጭቃው ላይ ተደፍታ የልጇን እግር ይዛለች። "አልሰጣትም! በእመቤቴ ማርያም፣ አልሰጣትም! ልጄን ብቻ ተዋት፣ ጌታዬ!" አሰጋሽ ማንንም ስትለምን አይቼ አላውቅም። እምነት አንድ ጊዜ ጮኻ ወደቀች። ስትነሣ ድምፅዋ የራሷ ነበር። "እማዬ፣ በረደኝ" አለች።

አሰጋሽ በዚያው ቀን ለሽማግሌዎቹ እንደማትሰጥ ላከችባቸው። ዘካሪያስም ወሬው ደርሶት ኖሮ ለምን እንኳ ሳይል ቀረ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እምነት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መብራት ሲጠፋ ያንኑ መጽሐፍ ከቦርሳዋ አወጣች። እኔ ወንበሬን ራቅ አደረግሁ። ዓይኔ እያየ ያደገችውን ልጅ ፈራኋት።

"እምነትዬ፣ ማርያምን፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ዕለት የተናገረው እሱ ነው ወይስ አንቺ?"

ያቆምንበትን ገጽ ስትፈልግ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ሳቅም ቁጣም የለም።

"እኔ ብሆን ኖሮ ትሰሙኝ ነበር?"

ራቅ ያደረግሁትን ወንበሬን መልሼ ወደ እሷ አስጠጋሁ። እሷም መልሴን አልጠበቀችም፤ ገጹን አግኝታው ነበርና ማንበብ ጀመረች።