ጉማሬ በጠረገው ውሃ

ልጄ ሣሩን መጀመሪያ ቤት ያመጣችው በማር ብልቃጥ ውሃ ሞልታ ነው። ሣር ይሁን ሌላ እንጃ። ሥር የለው፤ እንደተፈታ የሱፍ ክር ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በቅጠሉ መሀል ሰሊጥ ሰሊጥ የሚያካክሉ ከረጢቶች አሉት፤ ላዩ ላይ አንዲት ቢጫ አበባ። ከጓሯችን በርሜል የቢንቢ እጭ በማንኪያ ቀድታ ጨመረችበትና «እማ፣ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ» አለችኝ። እጩ ሲወራጭ ቆየ። አንዷን ከረጢት ሲነካ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ጭራው ብቻ ውጭ ቀረ።

«በኢየሱስ ስም! ይሄ ነገር ይበላል እንዴ?»

«ይበላል። አንቺን ግን አይደፍርሽም፣ ሥጋሽ ጠንካራ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔን ያስፈራኝ የሣሩ አፍ አይደለም። ከየት አመጣሽው ስላት «ከሐይቁ፣ ከደንገሉ ውስጥ» ማለቷ ነው። ቤታችን ከጉዱማሌ መናፈሻ አለፍ ብሎ፣ ለሐይቁ ቅርብ ነው። የጎረቤታችንን ልጅ ጉማሬ የገደለው እዚያው ደንገል አጠገብ፣ ለከብቱ ሣር ሊያጭድ እንደ ወረደ ነው። እናቱ ዛሬም ደጇ ላይ ስትቀመጥ ለሐይቁ ጀርባዋን ሰጥታ ነው።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር በበጎ ፈቃድ ወደ ሐይቁ እየወረደች፣ ውሃውን የሚያለብሰውን እምቦጭ ትነቅላለች። እምቦጩ ብርሃን ሲከለክለው ያ በላተኛ ሣር ይሞታል አሉ፤ እነሱ እንዳይጠፋ ነው የሚደክሙት። ቅሪ ብላት አልሰማ አለች። ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፣ ጸለይኩ። በመጨረሻ «እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» አልኳት። ከሦስተኛ ክፍል ያልዘለልኩ ድንች ቸርቻሪ፣ ቦቲ ጫማ አጥልቄ በጎ ፈቃደኛ ሆንኩ። ተማሪዎቹ «እናታችን» እያሉ ዳር ዳሩን ሰጡኝ። እጄ እምቦጩን ይነቅላል፣ ዓይኔ ልጄ ላይ ነው።

ሣሩ የሚበዛው አንድ ቦታ ነው። ደንገሉ ለሁለት ተከፍሎ በመሀሉ እንደ ጠባብ መንገድ የተጠረገ ውሃ አለ፤ ቢጫው አበባ እዚያ ላይ እንደ ክክ ተበትኗል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በጀልባ በውጭ በኩል ሲያልፉ መቅዘፊያቸውን አቆሙና፣

«እናት፣ ይህን ውሃ ማን የጠረገው ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ጀልባ ነዋ፣ አባባ።»

«እኛ በዚህ ስንገባ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

በሲዳምኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉተምትመው ሄዱ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ጭቃው ላይ የድስት ክዳን የሚያክል ዱካ አለ። አራት ጣት።

ለልጆቹ ነገርኳቸው። መሪያቸው ትሑት ልጅ ነው። «እናታችን፣ ጉማሬ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው፣ አይነካንም» አለኝ። ጭራሽ ጀልባ አበባውን እንዳያበላሽ ብለው የዚያችን ውሃ አፍ በባሕር ዛፍ እንጨት አጠሩት፤ ገመድ ወጠሩ፤ ቀይ ጨርቅ አንጠለጠሉበት። እኛ ሰፈር ሰው የከብት መተላለፊያ እንኳ ሲያጥር ጎረቤቱን ይጠይቃል። እነሱ ማንን ይጠይቁ?

በሳምንቱ ብንወርድ እንጨቱ ተሰብሯል፣ ገመዱ ተጎትቶ ደንገሉ ውስጥ ገብቷል።

«ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው!» አለች ልጄ። «ሆን ብለው ነው።»

«የትኛው ዓሣ አጥማጅ ነው ይህን እንጨት እንደ ክብሪት የሚሰብረው?»

«እማ ደግሞ! አንቺ እኮ የዳክዬ ዱካም ጉማሬ ነው የሚመስልሽ።»

ወፍራም እንጨት ተከሉ። እሱም ተሰበረ። እጅ ከፍንጅ እንይዛቸዋለን ብለው ንጋት ንጋት ላይ በተራ ሊጠብቁ ተስማሙ። የመጀመሪያዋ ተረኛ ልጄ ሆነች። እኔም ተከተልኳት፤ ምን ምርጫ አለኝ?

ሊነጋጋ ሲል ወረድን። ሐይቁ ጉም ለብሷል። አጥር ሰባሪው የሚመጣው በጀልባ ነው ስላለች ፊታችንን ወደ ውሃው አድርገን ተቀመጥን። እንቁራሪቶቹ ይጮሃሉ። ድንገት ከጀርባችን ያሉት ብቻ ዝም አሉ። ከዚያ ሣር ሲረገጥ ሰማሁ።

«መጡ!» ብላ ልጄ የስልኳን መብራት አብርታ ዱካው ወዳለበት ጭቃ ተራመደች። ጃኬቷን ከኋላ ጨምድጄ ወደ ጎን ጣልኳትና ላይዋ ላይ ወደቅኩ። የታኘከ ሣር የሚሸት ሞቃት ትንፋሽ አጠገባችን አለፈ። መሬቱ ከደረቴ ሥር ተንቀጠቀጠ። እንጨቱ ቋ ብሎ ተሰበረ፤ ውሃው ተከፈተና መልሶ ገጠመ። ሲግጥ አድሮ ወደ ቤቱ እየገባ ነበር። አላየንም፣ ወይ አይቶ ንቆናል።

ልጄ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «እማ፣ መንገዱን የሚከፍትለት እሱ ነው» አለች። «እሱ ባያልፍበት ደንገሉ ይዘጋውና ሣሩ ይሞት ነበር።»

ከእግሩ ሥር ያወጣኋት ልጅ ስለ ሣር ታወራለች። ከጉማሬው ይልቅ ያኔ እሷን ፈራሁ።

አጥሩ ተነሳ። አሁን የሚሠሩት ፀሐይ ጠንከር ስትል፣ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ «ግቡ» ሲሏቸው ብቻ ነው። እኔም አልቀረሁም። እነሱ ወደ ውሃው ያያሉ፣ እኔ ወደ መሬቱ።

ዘንድሮ ሐይቁ ገፍቶ ገፍቶ የጓሯችን አጥር ሥር ደርሷል። በቀደም ልጄ እያጨበጨበች ከጓሮ ሮጣ መጣች።

«እማ! ነይ እዪ! ቦያችን ውስጥ ገብቷል! ማንም ሳይተክለው፣ ራሱ መጣልን!»

ሄድኩ። እውነትም ቢጫዋ አበባ ብቅ ብላለች። ልጄ ጎንበስ ብላ ከረጢቶቹን ስትቆጥር እኔ ጭቃውን አየሁ። ባለ አራት ጣቱ ዱካ አጥሩ ሥር ውሃ አቁሯል።

ቤት ገባሁና አልጋዋን በጓሮ በኩል ካለው ክፍል እየጎተትኩ ወደ ሳሎን ማውጣት ጀመርኩ።