ከካሴቱ የወጣ ሳቅ

አቃቂ ውስጥ ካለች አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ሆኜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙዚቃ ማጫወት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ጣቢያው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ነው፤ የምንሠራው በፈቃደኝነት ነው። በሥራ ቀን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ይዤ ወደ ስቱዲዮው እሄዳለሁ። ፕሮግራሜ አንድ ዓይነት ሙዚቃ ላይ አይቆምም። በጥሩምባ ባንድ ጀምሬ ወደ ሱዳን ዘፈን እሻገራለሁ፣ ከዚያ የጉራጌ ጭፈራ አስከትላለሁ፣ ደስ ካለኝም የድሮ የህንድ ፊልም ዘፈን እጨምርበታለሁ። አንድ አድማጭ ደውሎ፣ «ሬዲዮኔ ራሱን እየቀያየረ መስሎኝ ነበር» ብሎኛል።

የድምፅ ማቀላቀያው ሚክሰር ላይ የሚቀመጠው የልጅነት ጓደኛዬ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ተምረናል፣ እናቱ ቤት ምሳ እየበላሁ ነው ያደግኩት። አባቴ ሲሞት ድንኳኑን የተከለውም የነቀለውም እሱ ነው። ማይክ ፊት ግን አይቀርብም ነበር። «የእኔ ድምፅ ለስልክ ብቻ ነው የሚሆነው» ይለኛል። ዘፈን ሲያልቅ በመሃላችን ባለው መስታወት ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ቅንድቡን ከፍ ካደረገ ቀጣዩን ወዶታል ማለት ነው። እኔ ከማንም አድማጭ ይልቅ ለዚያ ቅንድብ ነበር የምሠራው።

በፕሮግራሙ መሃል የሰፈሩ ሰው የራሱን አሮጌ ካሴት ይዞ የሚመጣበት ሰዓት ነበረን። ባለቤቱ ታሪኩን ይናገራል፣ ካሴቱን እናሰማለን፣ ከዚያ እንመልስለታለን። አንድ ቅዳሜ አንድ አዛውንት ካሴት በፌስታል ጠቅልለው መጡ። የተወለዱት ድሮ እርሻ በነበረው በዚሁ አካባቢ ነው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ክር ፋብሪካ ሠርተዋል። ካሴቱ ላይ ያለው የሟች ባለቤታቸው ድምፅ ነበር፤ የዘመድ ሰርግ ዋዜማ ላይ በኦሮምኛ ስትዘፍን ሳታውቅ ቀድተዋት ነው። ዘፈኑ መሃል ላይ ቴፑን ታየዋለች። በዚህ ጊዜ ትስቃለች፣ እየሳቀችም ዝጋው ትላቸዋለች። ሳቋ ዝቅ ብሎ ይጀምርና እየጨመረ ይሄዳል፣ የሰማው ሰው ሳይወድ በግዱ ፈገግ ይላል።

«ልጄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማ» አሉኝ አዛውንቱ። «ጎረቤቶቿ ይስሟት። ከዚያ በኋላ የትም እንዳይቀመጥ።»

«እሺ አባባ» አልኳቸው።

ሲሰማ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ወለሉን እያዩ ነበር። ሲያልቅ ካሴቱን መለስኩላቸው፤ ጓደኛዬንም ኮምፒውተሩ ላይ የገባውን እንዲያጠፋው ነገርኩት። ፊታቸው ቆሞ፣ «አጥፍቼዋለሁ አባቴ፣ ሐሳብ አይግባዎት» አላቸው። መርቀውት ሄዱ።

ከወራት በኋላ ጓደኛዬ አንድ ትልቅ የኤፍኤም ጣቢያ በቴክኒሻንነት እንደቀጠረው ነገረኝ። ከልቤ ደስ አለኝ፤ ኬክ ገዝቼ ስቱዲዮ ውስጥ ሸኘነው። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው «ያው ገመድ መሰካት ነው» አለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ታክሲው ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ቃሊቲ ጋ ሳንደርስ ያ ሳቅ መጣ። ከሥሩ ከበሮ ገብቶበታል፣ ቀጥሎ ሁለት ስንኝ ዘፈን፣ ከዚያም የጓደኛዬ ድምፅ፤ ለስልክ ብቻ ይሆናል ያለኝ ድምፅ። አድማጮችን ሰላም አለና የጥሩምባ ባንድ አጫወተ። ቀጥሎ የሱዳን ዘፈን። ሁለቱን ሲያገናኛቸው የተናገረው የእኔን አነጋገር ነው፣ ቃል በቃል። «የሰፈር ካሴት ያላችሁ ደውሉልን» ሲል አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ «ይሄ ልጅ ከየት ነው የሚያመጣው?» አለች። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ቅዳሜ ስቱዲዮ ስደርስ አዛውንቱ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። የባለቤታቸውን ሳቅ ሰፈራቸው ውስጥ ባለ ሱቅ፣ ሬዲዮ ላይ ሰምተውታል። ስኳር ሊገዙ ገብተው ነበር፤ ሳይገዙ ወጡ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የተባባልነው» አሉኝ።

ራሴ የሰረቅኩ ያህል ተሰማኝ። ማን እንዳደረገው ነገርኳቸው። «እንግዲያው አገናኚን» አሉ።

ቃሊቲ አንድ ካፌ ተገናኘን። ጓደኛዬ ተነስቶ በአክብሮት ጨበጣቸው፣ ማኪያቶ አዘዘላቸው። እሳቸው ግን አልነኩትም።

«አባቴ፣ ከተማው በሙሉ እኮ እየወደዳቸው ነው» አላቸው። «ይሄ ለእሳቸው ክብር ነው።»

«የሚወዷት ሰዎች ስሟን ያውቃሉ?» አሉት።

«ስማቸውን እንኳ አልጠራንም።»

«አጥፍቼዋለሁ ብለኸኝ ነበር።»

ማንኪያውን ያገላብጥ ጀመር። እኔ ያን ጊዜ፣ «ፕሮግራሙንስ? እሱንም ሳትነግረኝ ነው የወሰድከው» አልኩት።

«የጋራችን ነበር እኮ» አለኝ። «አንቺ እድሜ ልክሽን እዚያች ክፍል ውስጥ መቀመጥ ትፈልጊያለሽ። እኔ ግን አልፈልግም።»

የልጅነት ጓደኛዬ እንደዚህ ሲያስብ እንደኖረ ያወቅኩት ያኔ ነው። መስታወቱን ተሻግሬ ቅንድቡን ስጠብቅ፣ እሱ የክፍሏን ጥበት ነበር የሚያየው። ለማንኛውም የሴትየዋን ድምፅ ከፕሮግራሙ እንደሚያወጣው ቃል ገባልን።

በሳምንቱ ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ዘፈኑ ወጥቷል፣ ሳቁ ግን አለ። ደወልኩለት። «ዘፈኑን አውጥቻለሁ፤ ሳቅ የማን እንደሆነ ማን ይለያል?» አለኝ።

ለአዛውንቱ መንገር ከበደኝ፤ ቢሆንም ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቤት ከነበረው ልጃቸው ስልክ ተቀብለው የጣቢያውን ቁጥር ጠየቁኝ። በማግስቱ ጠዋት ፕሮግራሙ የአድማጭ ስልክ መቀበል ሲጀምር ሬዲዮኑን ይዤ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ድምፃቸው መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ ላይ የምትስቀው ሴት ባለቤቴ ናት። ሞታለች። ለእኔ ነው የሳቀችው። እባክህ ልጄ፣ ተዋት።»

ጓደኛዬ ምንም አላለም። ሬዲዮ ላይ ሰው ዝም ሲል ምን ያህል እንደሚረዝም የሠራበት ያውቀዋል። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠና ማስታወቂያ ገባ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳቁ ተሰምቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ አንድ መልእክት አገኘሁ። «በሕዝብ ፊት አዋረድሽኝ። ከአንቺ አልጠብቅም ነበር» ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ከእኔ አልጠበቀም።

ፕሮግራሜን አሁንም እሠራለሁ፤ ሚክሰሩንም ራሴ ነኝ የምይዘው። ካሴት የሚያመጣ ሰው ግን ጠፍቷል። ወሬው አቃቂን አዳርሷል፤ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ በፍቅር ይስሙኛል፣ ካሴት ስጠይቃቸው ግን ተበላሽቷል ወይም ጠፍቷል ይሉኛል። አዛውንቱ ለእኔ ቂም የላቸውም። በዓል ሲሆን ልጠይቃቸው እሄዳለሁ፣ እናወራለን፣ የቴፑን ነገር ሁለታችንም አናነሳም።

የጓደኛዬ ፕሮግራም ቀጥሏል፤ ታዋቂም ሆኗል። አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ ይገጥመኛል። ከሁሉ የሚያመኝ ጥሩ መሆኑ ነው። ዘፈኖቹን ሲያያይዝ ቀጥሎ ምን እንደሚያስገባ አስቀድሜ አውቃለሁ፣ ብዙ ጊዜም አልሳሳትም። እናቱን ባለፈው ገበያ አግኝቻቸው፣ «ምነው ጠፋሽ ልጄ፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳቸው። ግንባሬን ስመው፣ ምሳ እንድመጣ አስማሉኝ።