የአሴዬ ያልተረገዘ ልጅ

ክፓንዶ ከተማ ገበያ ውስጥ አሴዬን ፈልጎ ለማግኘት ጆሮ ብቻ ይበቃል። ከዓሣ ሻጮቹ ረድፍ ጫፍ፣ ሰማያዊ ሸራ ሥር ተቀምጣ፣ እንደ እንቁላል ተድቦልቡሎ በጭስ የደረቀ የሚበላ ነጭ አፈር ትሸጣለች። እርጉዞች ይገዙታል፤ እርጉዝ ያልሆኑም «ለእህቴ ነው» እያሉ ይገዙታል።

«ነይ ወዲህ! ጥርስ የማይሰብር፣ ባል የማያስኮርፍ አፈር!» ስትል የመኪና መናኸሪያው ድረስ ይሰማል። ሾፌሮቹ ጥሩንባ የሚነፉት እሷን ለመብለጥ ነው እየተባለ ይቀለዳል።

አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ታናናሾቿ ሁሉ «ዳቪ» ይሏታል፤ ታላቅ እህት እንደማለት። ሦስት ልጆች አሳድጋ የመጨረሻዋን፣ ኬኬሊን፣ ሆ ወደምትባል ከተማ ኮሌጅ ሰድዳለች። ባሏ ወላንዮ አናጢ ነው፤ ቃል እንደ ሚስማር የሚቆጥብ ሰው። የእሱን ድርሻ አሴዬ ስለምታወራለት ቤቱ ጎድሎበት አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሴቶቹ ነጭ መሐረብ እያውለበለቡ የቦቦቦ ጭፈራ ሲወርዱ፣ ዘፈኑን የምታወጣው አሴዬ ነች። ሌላ ሰው አውጥቶት አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ፣ በአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ላይ፣ ሦስተኛው ስንኝ መሐል ትንፋሿ ጥሏት ሄደ። አፏ ተከፍቷል፣ ከበሮው ይመታል፣ ድምፅ ግን የለም። ዓይኗ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ጨፈሩባት። ወንበር ፈልጋ ቁጭ አለች። ዴላሊ የምትባለው፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ ይቺን ቀን ስትጠብቅ የኖረችው፣ ዘፈኑን ከአፏ ላይ ቀማቻት።

እንዲያው ለነገሩ፣ ከዚያ በፊትም ደህና አልነበረችም። ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ዳገት ስትወጣ «እስቲ ከተማውን ልየው» እያለች ሦስት ቦታ መቆም ጀምራ ነበር፤ ከተወለደችበት ከተማ ምን የሚታይ እንዳለ እንጃ። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ሲደልቅ ትሰማዋለች። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። እድሜ ነው ብላ ተወችው።

አፈሩ ግን እድሜ አልነበረም። ድሮ በሳምንት አንድ ትቀምስ የነበረችው ሴትዮ፣ አሁን ሌላ ምግብ ሁሉ አላስደስት ብሏት ከሸቀጧ እያነሳች ትቆረጥማለች። አጠገቧ ዓሣ በምትሸጠው በኤሲናም ሣጥን ውስጥ ያለውን በረዶም አልማረችውም፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ቢሆንም ክርችም፣ ክርችም።

«አንቺ! ዛሬ ስንተኛሽ ነው?» አለች ኤሲናም አንድ ማክሰኞ።

«ምኑ?»

«አፈሩ ነዋ!»

«ሁለተኛዬ።»

«ከጠዋት ጀምሮ የቆጠርኩት ሰባት ነው። በዚያ ላይ በረዶዬን ጨርሰሽው ዓሣዎቼ ላብ በላብ ሆነዋል።» ከዚያ ዓይኗን አጥብባ አየቻት። «ቆይ ቆይ። ማለክለክ አለ። ድካም አለ። አፈር አለ። አሴዬ! ያቺን ነገር ሆንሽ እንዴ?»

«የቷን ነገር?»

«ሦስት ጊዜ የሆንሻትን!»

አሴዬ ልትስቅ ነበር። እንዳላረገዘች ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የወር አበባዋ አንድ ወር እንኳ ቀርቶባት አያውቅም። እንዲያውም ሲመጣ የሚሄድበትን የማያውቅ እንግዳ ሆኗል፤ ዘጠኝ ቀን፣ አንዳንዴም ዐሥር ቀን ይቆያል፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ደርባም አይበቃትም። ይህንኑ ልትናገር አፏን ስትከፍት ኤሲናም የራሷን ወንበር ከሥሯ ስባ ሰጠቻትና፣ «አረፍ በይ፣ እኔ እሸጥልሻለሁ» አለቻት።

የወንበሩ ምቾት! አሴዬ አፏን ከደነች።

«እሱን እግዜር ያውቃል» አለች በመጨረሻ። ይህም ውሸት አይባልም።

ወሬው ከቀትር በፊት መናኸሪያ ደረሰ፣ ለእራት አማቷ ቤት ገባ።

አማቷ ማማ አብላ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ልጃቸውን ካገባችበት ቀን ጀምሮ አሴዬን «ያቺ ጩኸታም» ከማለት በቀር ስሟን ጠርተው አያውቁም። በማግስቱ የባሚያ ወጥ በድስት ተሸክመው መጡ፤ ውስጡ በጭስ የደረቀ ዓሣ ተከምሮበታል።

«ልጄ፣ ብዪ» አሉ።

አሴዬ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ሌላ ሰው የለም። ልጄ የተባለችው እሷው ነች።

እንግዲህ ይፈረድባት ወይም አይፈረድባት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አለች። ያቺ ሴትዮ ዝም ማለቷ ራሱ ለሰፈሩ ተጨማሪ ማስረጃ ሆነ። ጎረምሶች ቅርጫቷን ይሸከሙላታል፣ ውሃ ይቀዳላታል፣ በየሄደችበት ወንበር ይነሣላታል። ደክሞኛል ስትል ሰነፍ የሚላት የለም። ወራት ሙሉ ስም ያጣው ድካሟ ስም አገኘ፤ የሌላ ነገር ስም ቢሆንም ስም ነው።

ወላንዮ እራት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቃት። «እውነት ነው?»

«ሰው መቼ ማውራት ያቆማል፣ የኬኬሊ አባት።»

«እ» አለና ወጡን ጠረገ።

በማግስቱ ከሥራ ቤቱ የመላጊያ ድምፅ ገና ጎህ ሳይቀድ ተሰማ። ለአንድ ደንበኛ የጀመረውን በር ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ከቀይ እንጨት የሕፃን አልጋ ይሠራል። አሴዬ በሦስተኛው ቀን ገብታ አየችው። እግሮቹ ተተክለዋል፤ ራስጌው ላይ ትናንሽ ወፎች መቅረጽ ጀምሯል። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳር ውስጥ ለሦስቱም ልጆች ወፍ ቀርጾ አያውቅም። ዛሬ እነግረዋለሁ አለች። ወፎቹ አራት እስኪሆኑ ድረስ ግን አልነገረችውም።

ነገሩን የቆረጡት ማማ አብላ ናቸው። «ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጤና ጣቢያ የእርጉዞች ቀን። ልበሺና እንሂድ።»

«ማማ፣ አሁን ከመቼው...»

«በዚህ እድሜሽ አርግዘሽ ልትደበቂ ነው? ልበሺ!»

ጤና ጣቢያው ዳገት ላይ ነው። ማማ አብላ ዱላቸውን እያስረገጡ ወጥተው ጨርሰው፣ አናቱ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩ። አሴዬ አንድ የማንጎ ዛፍ አቅፋ ታለከልካለች።

«ምነው! የኔንም ትንፋሽ ጨምረሽ ነው የምትተነፍሺው?» አሉ። ግን ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም።

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። አንዷ በአክብሮት ጠጋ ብላ፣ «እናቴ፣ ልጅዎን ነው የሚጠብቁት?» አለቻት። ሌሎቹ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ነርሷ ሲስተር ያይራ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነች። ሽንቷን አስመረመረች፣ ጥፍሯን አገላብጣ አየች፤ እንደ ማንኪያ መሐሉ ሰርጎድ ብሏል። ከዚያ ወደ መስኮቱ አዙራ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳበች።

«ዳቪ፣ እርጉዝ አይደለሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«አበባዬ መቼ ቀረና።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«አማቴ ናቸው ያመጡኝ።»

ሲስተር ያይራ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ሰበሰበችው። «ስንት ቀን ይቆይብሻል?»

አሴዬ ነገረቻት። ስለ ጨርቆቹም፣ ስለ ረጋው ደምም።

«እና ይሄ ደህና ነው ብለሽ ነው?»

«እናቴም እንዲሁ ነበረች።»

«እናትሽ ዳገት ስትወጣ ታለከልክ ነበር?»

አሴዬ እናቷን ስታስባት ሁልጊዜ በር ላይ ተቀምጣ ነው የምትታያት። ቆማ ያየቻትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። «ሰነፍ ናት ይሏት ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ደሟ ተለክቶ ስድስት ነጥብ ሁለት ሆነ። ዐሥራ ሁለት መሆን ነበረበት።

«በዚህ ደም ነው ዳገት የወጣሽው?» አለች ሲስተር። «ስሚኝ፣ አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ ይገባሻል። ከሳንባሽ አየር ተሸክሞ እግርሽም ጭንቅላትሽም ድረስ የሚያደርሰው ደምሽ ነው። ተሸካሚዎቹ የሚሠሩት ደግሞ ከብረት ነው። በየወሩ ብዙ ብረት ይፈስሻል፣ የምትተኪው ትንሽ ነው። ተሸካሚ ሲያንስ ልብሽ ባለው ጥቂት ሰው እየሮጠ ሊያዳርስ ይሞክራል። ጆሮሽ ውስጥ የሚደልቀው እሱ ነው። አፈርና በረዶ የሚያሰኝሽም የብረቱ ማነስ ነው፤ አምሮት የእርጉዝ ብቻ አይደለም።»

«እንግዲህ አፈሩ ብረት ይሰጠኛላ!»

«ሌላ ምግብ ውስጥ ያለውንም ይዞብሽ ይወጣል።»

«ሲስተር! መተዳደሪያዬን ስም አታጥፊ!»

«የመተዳደሪያሽን ነገር ሌላ ቀን እንጣላበታለን። አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ አትቀምሺውም።»

የጤና ጣቢያው ሐኪም በመሣሪያ ማህፀኗን አይቶ የሎሚ ፍሬ የሚያህል እጢ አገኘ። ክፉ አይደለም፣ ደሙን የሚያበዛው ግን እሱ ነው አላት፤ የደሙን ብዛት የሚቀንስ መድኃኒት አዘዘላትና በየጊዜው እንድትታይ ቀጠራት። ብረቱ በክኒን ይገባል።

አሁን የቀረው በሩ ነበር። ከበሩ ማዶ ማማ አብላ ተቀምጠዋል።

አሴዬ ጎናቸው ተቀመጠች። በሕይወቷ እንደዚያ ዝግ ባለ ድምፅ ተናግራ አታውቅም። «ማማ፣ ልጅ የለም። እኔም አውቅ ነበር። ደም ነው ያነሰኝ።»

ማማ አብላ ዱላቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መቱ። «ሦስት ሳምንት የባሚያ ወጥ ስታሠሪኝ!»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ያን ሁሉ ዓሣ!»

«አውቃለሁ ማማ።»

አንዲት እርጉዝ አለፈች፣ ሌላዋ ገባች። «ሲስተር፣ ምን ትብላ?» ብለው ማማ አብላ ድንገት ወደ ውስጥ ጮኹ።

«ጉበት! ዓሣ! ባቄላ! ቅጠላ ቅጠል!» የሚል ድምፅ ተመለሰ።

«ለሌለ ልጅ ያበሰልኩ ሴትዮ» አሉ ማማ አብላ እየተነሡ፣ «ላለችው ማብሰል ያቅተኛል? ተነሺ፣ ጩኸታም።»

ወላንዮ ስድስተኛዋን ወፍ እየቀረጸ ነበር። አሴዬ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ መሐል ላይ ማረፍ ስላስፈለጋት በሁለት ትንፋሽ። መሮውን አስቀመጠ።

«ግድግዳ እየያዝሽ ስትሄጂ አይ ነበር» አለ። «እናቴ ከመሞቷ በፊት እንደምትይዘው ነው ብዬ... አይደለም፣ እናቴ አለች፤ አክስቴን ማለቴ ነው።» ተንተባተበ፤ ብዙ ማውራት አልለመደም። «ልጅ ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ልጅ ካልሆነ ምን እንደሆነ ማሰብ ስላልፈለግኩ ነው ቶሎ ቶሎ የሠራሁት።»

አሴዬ የመጋዝ ብናኙ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። አልጋው በሳምንቱ ለዴላሊ የልጅ ልጅ ሄደ። ዴላሊ ወፎቹን ስታይ የምትለው ጠፍቷት ዝም ያለችበት ብቸኛ ቀን ነው ይባላል።

ክኒኑን እንዳትዘነጋ የሚጠብቋት ማማ አብላ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ክኒኑን በአንድ እጅ፣ ብርቱካን በሌላው ይዘው ይመጣሉ፤ ሻይዋን ደግሞ ሁለት ሰዓት እስኪያልፍ ይደብቁባታል፤ ሻይ ብረቱን እንዳይገባ ይከለክለዋል ተብሏልና። በአምስተኛው ቀን አሴዬ ከመጸዳጃ ቤት እየጮኸች ወጣች።

«የኬኬሊ አባት! ሞቼአለሁ! ጥቁር ሆኗል! እንደ ከሰል!»

ወላንዮ አንድ እግሩ ጫማ፣ አንዱ ባዶ ሆኖ ጤና ጣቢያ ሮጠ። ሲስተር ያይራ ከነገረችው በኋላ እየተራመደ ተመለሰ። «ክኒኑ ነው» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «እንደዚያ ያደርጋል አለች። ነግሬያት ነበርም አለች።» ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተደርድሮ ያዳምጥ ስለነበር፣ የአሴዬ ዓይነ ምድር ቀለም ለአንድ ሳምንት የከተማው ወሬ ሆነ።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ደንበኛ ፊት፣ በልማድ፣ አንድ አፈር አንሥታ ነከሰች። ቆም አለች። ከዚያ መሬት ላይ ተፋችው።

«ምን ሆነ?» አለች ደንበኛዋ።

«አፈር አፈር ይላል!»

ኤሲናም ከሳቋ ብዛት ዓሣ ጣለች። በስድስተኛው ሳምንት ደሟ ዘጠኝ ነጥብ አራት ገባ፤ በሦስተኛው ወር ዐሥራ አንድ ተኩል። ሲስተር ያይራ ግን አልለቀቀቻትም፤ የብረትሽ ጎተራ እስኪሞላ ክኒኑን ገና ሦስት ወር ትውጫለሽ አለቻት። አሴዬም ከአፈሩ ጎን ባቄላና የደረቀ ትንንሽ ዓሣ መሸጥ ጀመረች። አፈር ብቻ የምትጠይቅ ሴት ስትመጣ ቶሎ አትሸጥላትም።

«ወደ ብርሃን ዙሪ» ትልና የዓይኗን ቆብ ትስባለች። ነጣ ካለ፣ «ሂጂ ዳገቱን ውጪ፤ ስትመለሺ እሸጥልሻለሁ።» የሚመለሱት ባቄላ ይዘው ይሄዳሉ። አንዳንዶች ይሳደባሉ፣ ዳገቱን ይወጣሉ ግን።

አንድ ቀን የከተማው ንግሥተ እናት፣ የሴቶቹ ሁሉ አለቃ፣ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ገበያ ወጡ። ዶቃቸው እስከ ክርናቸው ነው። አሴዬ ጋ ቆሙና፣ «የአፈሯ ሴት አንቺ ነሽ? እስቲ አንድ ስጪኝ፣ ሰሞኑን አምሮኛል» አሉ።

የአሴዬ እጅ ከጭንቅላቷ ቀድሞ ተነሣ። አውራ ጣቷ ከንግሥተ እናት ጉንጭ አንድ ስንዝር ሲቀረው አንዱ አጃቢ «ሃይ!» ብሎ ጮኸ። ገበያው ጸጥ አለ። ጸጥ ያለ ክፓንዶ ገበያ የሰማ ሰው የለም። አሴዬ እጇ አየር ላይ እንደተሰቀለ ቀረች።

ንግሥተ እናት አጃቢያቸውን በዓይናቸው ገፍተው፣ ዶቃቸውን እያንቀጨቀጩ ጎንበስ አሉ።

«እይዋ፣ ከጀመርሽው» አሉ። «ቀይ ነው ወይስ ነጭ?»

አሴዬ ሳበች። አንገቷን አዘነበለች። ገበያው ሁሉ አብሯት አዘነበለ።

«እንደ ዘምባባ ዘይት ቀይ ነው፣ እናቴ!» አለች። ድምፁ መናኸሪያው ድረስ ሄደ።

«እንግዲያው» አሉ ንግሥተ እናት ቀና ብለው፣ «የዚህን የሚጮህብሽን አጃቢ ዓይን ደግሞ እይልኝ። ወንበር ባየ ቁጥር ነው የሚቀመጠው።»