ማኅተም ያረፈበት መጠይቅ

ኢፍቱ በዳሳን «ማስተርስሽ እንዴት አለቀልሽ?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ እሰማለሁ ብሎ ከተቀመጠ ተሞኝቷል። የምትነግረው ስለ አንድ ሸማኔ ነው። ጋሽ ሾዴን አንስታ፣ አመስግና፣ መርቃ ሳትጨርስ ወደ ሌላ ወሬ አትሻገርም።

ኢፍቱ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የጀመረችው መዝገብ ቤት፣ አቧራ የጠጣ ፋይል በመሸከም ነው። ዛሬም የሰው ፋይል ጠፋ ሲባል የምትጠራው እሷ ናት። በአርባ ሁለት ዓመቷ የሕዝብ አስተዳደርና ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ብላ ስትመዘገብ፣ ቅዳሜና እሑድ አብረዋት የሚማሩት ልጆች «እትዬ ወረዳ» የሚል ስም አወጡላት። አልተቀየመችም። የፈተና ሰሞን ቡና የምትጋብዛቸውም፣ ሲጨንቃቸው የምታጽናናቸውም እሷ ነበረች።

ባሏ ሌንጮ በሸጎሌ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። እሷ ቅዳሜ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ስትወጣ እሱ ሽንኩርት እየከተፈ፣ «አንቺ ተማሪ፣ እኔ ወጥ ሠሪ፤ በቃ መንግሥት ተገለበጠ» ይላታል። እየሳቀ ይበላት እንጂ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላስቀራትም። ይሄንንም ሳታነሳ አታልፍም።

የመመረቂያ ጽሑፏን ርዕስ ያገኘችው ከመንገድ ላይ ነው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ ከዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት ለሸማኔዎች ብሎ ያሠራው ሼድ አለ። ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ሄደ፤ ሼዱ ቀረ። ከሠላሳ ሁለቱ ክፍሎች ሃያ አንዱ ተቆልፈዋል። ሸማኔው ግን ዛሬም በየጠባብ ቤቱ ተጣቦ ይሠራል። ለምን? ኢፍቱ ይህንን ልታጠና ተነሣች።

መቶ ሃያ መጠይቅ አዘጋጀች። «ሼዱ ለሥራዬ ምቹ ነው» ይልና ከሥሩ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» ድረስ አምስት ሳጥን አለው። አባዝታ ልትወጣ ስትል፣ ማኅተም የምትይዘው ጸሐፊዋ መቅዲ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣

«ይሄ ማኅተም የለውም እኮ» አለቻት።

«ጥናት ነው መቅዲ፤ ምን ማኅተም ያስፈልገዋል?»

«ማኅተም የሌለው ወረቀት እንኳን ሸማኔው እናትሽም አትሞላልሽ። አምጪው።»

እውነቷን ነው ብላ ሰጠቻት። መቅዲም መቶ ሃያውን አንድ በአንድ መታችላት። ሸማኔዎቹ በደብዳቤ ተጠርተው ወረዳው አዳራሽ መጡ፤ ኢፍቱ ባጇን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ፊታቸው ቆማ አስረዳች። መቶ ዐሥራ ስምንቱ ተሞልቶ ተመለሰ። ሰባቱ የመታወቂያ ኮፒና ጉርድ ፎቶ ተያይዞባቸው ስለነበር ከመቅዲ ጋር ሳቁ። ኮምፒውተር ላይ ገብቶ ሲደመር፣ ከመቶ ዘጠና አራቱ ሼዱ ምቹ ነው በሚለው «በጣም» ይስማማሉ። ኢፍቱ «ተመስገን» አለችና ጽፋ ለአማካሪዋ ላከች።

ተመስገን ማለቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። የማስረከቢያ ጊዜዋን ሁለት ጊዜ አራዝማለች፤ ሦስተኛ እንደማይኖር በደብዳቤ ተነግሯታል። ሰኔ ዐሥር ካላስገባች የሦስት ዓመት ትምህርቷ ውኃ በላው ማለት ነው።

ግንቦት በገባ በሳምንቱ ጋሽ ሾዴ ቢሮዋ መጡ። ከጋሞ በልጅነታቸው መጥተው ሽሮ ሜዳ ያረጁ፣ ጥለት ሲጥሉ እጃቸው የሚመሰገን ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ያ የሞላነው ፎርም ምን ደረሰ?»

«ጋሽ ሾዴ፣ እሱ እኮ ፎርም አይደለም። ለትምህርቴ የማደርገው ጥናት ነው።»

«ታዲያ ማኅተሙ ምን ይሠራበታል?»

ኢፍቱ ወሬውን ወደ ሼዱ መልሳ፣ «እርስዎ ሼዱ ምቹ ነው ብለው አልሞሉም እንዴ?» አለቻቸው።

«ሞልቻለሁ። በጣም እስማማለሁ የሚለው ላይ።»

«ግን እዚያ አይሠሩም።»

«እንዴት ብዬ? ሦስት ቀን ሞክሬ ወጣሁ።»

«እና ለምን ምቹ ነው አሉ?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ደብዳቤ ልከሽ፣ ማኅተም መትተሽ፣ አንገትሽ ላይ ባጅ ሰቅለሽ ጠይቀሽኝ ‹አልስማማም› ልበልሽ? ሰማይ አይታረስ፣ ወረዳ አይከሰስ። ደግሞ ተመካክረን ነው የሞላነው። አንዱ ጎረቤቴ ሳያስብ ‹አልስማማም› ላይ አድርጎ ነበር፤ በላጲስ አጠፋንለት።»

ይህንን ያሉት ያለ አንዳች ክፋት ነው። ሊያግዟት ነበር የመሰላቸው።

እሳቸው ሲወጡ ኢፍቱ ብቻዋን ቀረች። መቅዲ የሆነውን ስትሰማ፣ «ማን ያውቅብሻል? ቁጥር ቁጥር ነው። አስረክቢና ተገላገይ» አለቻት። ምክሩ ከፍቅር ነበር፤ ኢፍቱም አንድ ቀን ተኩል ሙሉ ምክሩን ተቀብላ ነበር። ዕረፍት የነሳት ሌላ ነገር ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በየሩብ ዓመቱ «የተገልጋይ እርካታ ይህን ያህል በመቶ» ብላ ወደ ላይ ስትልክ ኖራለች። ያም ሁሉ ቁጥር በማኅተምና በባጅ የተሰበሰበ ነው። ስንቱ በላጲስ ጠፍቶ ይሆን?

እሑድ ከክፍል በኋላ አማካሪዋን ዶክተር ኪብሮንን ጠብቃ አገኘችው። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል ትበልጠዋለች፤ ስለዚህም ሁሌ «እርስዎ» ይላታል። ምንም ሳታስቀር ነገረችው።

«ባይነግሩኝ የማውቅ ይመስልዎታል?» አላት።

«አያውቁም ነበር።»

«አዎ፣ አላውቅም። ቁጥሩን አይቼ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።» ቀኑን በጣቱ ቆጠረ። «አራት ሳምንት አለዎት። ቤታቸው ሄደው ስንት ሰው በወጉ ማነጋገር ይችላሉ?»

«ሃያ?»

«ዐሥራ አምስት ይበቃል። መቶ ዐሥራ ስምንቱን ግን እንዳይደብቋቸው። እንዴት እንደተበላሹ ይጻፉት። ባጁንም እቤት ያስቀምጡት።»

በዓመት ፈቃዷ ላይ የቀረላትን ቀን ሁሉ ወሰደችና ወደ ጋሽ ሾዴ ቤት ወረደች። ገብታ ደብተሯን ስትገልጥ ሁሉም ወደ ሥራው አቀረቀረ። የጋሽ ሾዴ ባለቤት እትዬ ወለተ ሥላሴ ክር እየፈተሉ ነበር፤ ቀና ብለው አዩዋትና ቀሰም በሚሉት የመቃ ቁራጭ ላይ የሚጠቀለል ክር ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

«እጅሽ ሥራ ፈትቶ አትጠይቂን። ሰላይ ነው የምትመስዪው።»

ደብተሩ ተዘጋ። ክሩን እያጠላለፈች፣ እየተሳቀባት፣ እየፈታች ስትጠቀልል ወሬው መጣ። ጋሽ ሾዴ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ወደ እግራቸው አመለከቷት። ሸማኔ የሚቀመጠው ከጉድጓድ አፍ ላይ ነው፤ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ይረግጣል። የሼዱ ወለል ግን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው።

«ቆፍሩልን ብላችሁ አልጠየቃችሁም?» አለች ኢፍቱ።

«ሲመረቅ ሪባን ቆርጠው ‹ወለሉ እንዴት ነው?› አሉን። እንደ መስታወት ያበራል አልን። ያበራልም» አሉ ጋሽ ሾዴ።

ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ያን ዕለት ማታ ግን ስትጽፍ አልሳቀችም። ዐሥራ አምስት ቤት እንዲህ ዞረች። ጥበቃው ሼዱን ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚቆልፈውና ለበዓል ሰሞን ሥራ እንደማይሆን የሰማችው አንዱ ቤት ነው፤ ሴቶቹ ልጅና ድስት ጥለው እዚያ ሄደው መፍተል እንደማይችሉ የተረዳችው ሌላው ቤት። ሰኔ ዐሥር ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው አስረከበች።

ጽሑፏን ለፈታኞች በምታቀርብበት በዲፌንሱ ቀን፣ ከፈታኞቹ አንዷ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «መቶ ዐሥራ ስምንት ሰው ጥለው በዐሥራ አምስት ይመጣሉ። በምን ድፍረት?» አሏት።

ኢፍቱ ያዘጋጀችው የእንግሊዝኛ መልስ ጠፋባት። «መቶ ዐሥራ ስምንቱ የመለሱት ለማኅተሙ ነው» አለች በአማርኛ። «ዐሥራ አምስቱ የመለሱት ለእኔ ነው።» ከዚያ ስለ ላጲሱ ነገረቻቸው። ፈታኟ ጻፉ፤ ጎን ካሉት ጋር ተንሾካሾኩ። ውጪ ቆይታ ስትጠራ፣ ጥቃቅን እርማት አድርጋ በሁለት ሳምንት እንድትመልስ ታዝዛ ማለፏን ሰማች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ለሌንጮ ደውላ ስሙን ጠርታ ስታለቅስ፣ እሱ ከዚያኛው ጫፍ፣ «ገባኝ፣ ገባኝ፤ ተሳፋሪ ይሰማል አታስለቅሺኝ» ይላል።

ቅዳሜ ጽሑፉን ይዛ እነ ጋሽ ሾዴ ቤት ሄደች። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እየገለጠች በአማርኛ አወራችላቸው። ጋሽ ሾዴ መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ ሰሙ፤ አንዳንዴ «እህ» ይላሉ፣ አንዳንዴ «አጋነንሽው» ይላሉ። «በእያንዳንዱ ቤት አንድ ሸማኔ ይሠራል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ እትዬ ወለተ ሥላሴ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«አንድ?»

«አንድ ሸማኔ ማለቴ... እ...»

«ድሩ ከሰማይ ይወርድለታል? ማጉን ማን ጠቀለለው? ሼዱን የሠሩትም እንዳንቺ አንድ ብለው ቆጥረው ነው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍል የሠሩት።»

ጋሽ ሾዴ፣ «እሷ እውነቷን ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኢፍቱ እስክሪብቶ አወጣች። ገጹን አጥፋ፣ ዐረፍተ ነገሩን ሰርዛ፣ በጠርዙ ላይ «ሦስት ሰው፦ የሚፈትል፣ የሚጠቀልል፣ የሚሸምን» ብላ ጻፈች። ለፈታኞቹ በመለሰችው ጽሑፍ ውስጥ፣ እነሱ ካዘዟት እርማቶች በላይ ማንም ያላዘዛት አንድ አንቀጽ ተጨምሮ ሄደ፤ ዶክተር ኪብሮንም አንብቦ፣ «ይህ ከየት መጣ?» ሲላት፣ «ከእትዬ ወለተ ሥላሴ። እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፤ እሱም ሳይነካ ፈረመበት።