በንድፌ ላይ የሌለው ወንዝ

ቀያሽ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ባለ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። በመጀመሪያው ቀን አዲስ ጫማ አድርጌ ሄድኩ፤ እንዴት ያለሁ ሞኝ ነበርኩ! ዋና ቀያሹ የከፍታ መለኪያውን ሌቭል ከነሦስት እግሩ አሸከመኝና፣ “እዚያ ማዶ ዘንግ የያዘውን ሰው ታየዋለህ? ይስማው ይባላል። እሱ የሚልህን ስማ፤ ዲፕሎማህን ለእናትህ አሳያት” አለኝ።

ዘንጉን ስታፍ እንለዋለን፤ ቁጥር ተጽፎበታል። አንዱ መሬት ላይ ያቆመዋል፣ ሌላው በሌቭሉ መነጽር ቁጥሩን አንብቦ ደብተር ላይ ያሰፍራል። የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ይስማው የዚያን ዕለት ሱሪውን ሰብስቦ ወንዝ ውስጥ ገባና ስታፉን ከውኃው ሥር፣ ከወንዙ ወለል ላይ ተከለው። “ውጣ እንጂ፣ ዳሩ ይበቃናል!” ብዬ ጮኽኩ። “ዝቅታው ያለው እዚህ ነው፤ ዝም ብለህ አንብብ!” አለኝ። አነበብኩ።

ከዚያ ወዲያ እሱ ስታፍ፣ እኔ መነጽር ይዘን ስንት ዘመን አብረን ሠራን። አገሩ ጉንደ ወይን ነው። ተረበኛ ነበር። “ዕድሜህን በሙሉ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ የምታየው እኔን ነው፤ የሻረግ እንኳ ይኼን ያህል አላየችኝም” ይለኝ ነበር። የሻረግ ሚስቱ ናት።

ጡረታ ቀድሞኝ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ልቡን አመመው። ሐኪሙ ሜዳ ሜዳውን እንዲሄድ፣ ዳገት ግን በፍጹም እንዳይወጣ አዘዘው። “እንግዲህ ለእኔ ሲባል ጎጃም በዳምጠው ይደልደላ!” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። መታሰሩ እንዳንገበገበው ግን አውቅ ነበር፤ እግረኛ ሰው ነዋ።

እኔም ጡረታ በወጣሁ ማግስት ሌላ ሥራ መጣልኝ። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ፣ በይጁቤ አድርጎ፣ እስከ ዓባይ ገደል አፋፍ የሚዘልቅ የእግር ተጓዦች መንገድ ሊከፈት ነበር። አስተባባሪዋ ወይዘሪት ፍሬሕይወት ቢሮዋ አስጠራችኝ።

“ጋሽ አለማየሁ፣ መንገደኛው በየቀኑ ምን ያህል እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚያሳይ የከፍታ ንድፍ እፈልጋለሁ። ምርቃቱ ደርሷል፤ ያለን አሥር ቀን ነው።”

“ልጄ፣ ይኼ በእግር ቢያንስ የሃያ ቀን ሥራ ነው።”

“ለሌላው ነዋ! እርስዎን ምን ያቅትዎታል?”

ይቺ ቃል ናት ጉድ የሠራችኝ። እሺ አልኩ።

ጂፒኤሴን ይዤ ሞተር ብስክሌት ላይ ወጣሁ። በዚያ አገር ደብር የሚተከለው ጉብታ ላይ ነው፤ የመኪናው መንገድም ሸንተረር ሸንተረሩን ይዞ ስለሚዞር ከየደብሩ አያርቅም። ደብር ግቢ ጥላ አለ፣ ስልክም ይይዛል። ስለዚህ ከፍታ የምወስደው በየደብሩ ሆነ። እዚያ አቆማለሁ፣ ቁጥሬን እጽፋለሁ፣ ሞተሬን አስነስቼ ወደሚቀጥለው። በደብርና በደብር መካከል ያለውን የእግር መንገድ አልረገጥኩትም። ኮምፒውተሩ ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር አያያዛቸው። ምን ያድርግ? ያልሰጠሁትን ከየት ያምጣው?

ይጁቤ ላይ ሐጂ ሰይድ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ ንድፉን አሳየኋቸው። ሐጂ በወጣትነታቸው ጨርቅና ጨው በበቅሎ ጭነው እስከ ገደሉ አፋፍ የነገዱ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

“ይኼ ሁሉ ደብር ነው። ውኃው የታለ?” አሉኝ።

“የምን ውኃ ሐጂ?”

“በቅሎ የምናጠጣበት፣ እኛም ለሶላት የምንታጠብበት ነዋ! ከይጁቤ እስከ መጨረሻይቱ ደብር ሦስት ውኃ አለ። ሦስተኛው ያለበት ገደል በቅሎ ያስለቅሳል። እኛ መንገድ የምንቆጥረው በውኃ ነው ልጄ። ውኃ ደግሞ ጉብታ ላይ አይተኛም።”

“ልክ ነዎት፣ አስተካክለዋለሁ” አልኳቸው። የቀረኝ ሁለት ቀን ነበር። አላስተካከልኩትም። ንድፉን እንዳለ አስረከብኩ፤ ወይዘሪት ፍሬሕይወት በትልቅ ሰሌዳ አሳትማ አመሰገነችኝ።

በሳምንቱ ይስማው ቤቴ መጣ። በምርቃቱ ቀን የመንገዱ የመጨረሻ ክፍል፣ ከደብር እስከ ደብር የሁለት ሰዓት መንገድ፣ ለሕዝብ ክፍት ነው መባሉን ሰምቷል። “ዘንግ ሳልሸከም አንድ ቀን እንደ ሰው መንገድ ልሂድ፤ የሻረግም ትከተለኛለች። የይጁቤን አገር አላውቀውም፤ አንተ ንገረኝ። ልቤ ይችለዋል?”

ንድፉን አወጣሁ። መስመሩ እዚያ ላይ ለጥ ያለ ነው። ሐጂ ያሉኝ ትዝ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ትዝ አለኝ። ግን ይስማው ፊት “አልረገጥኩትም” ማለት ከሞት በላይ ሆነብኝ።

“ትችለዋለህ” አልኩት።

“አንተ ካልክ ሐኪም ምን ያደርግልኛል?” ብሎ ተነሳ።

በምርቃቱ ቀን እኔ የመጨረሻይቱ ደብር ዋርካ ሥር፣ ከሰሌዳው አጠገብ፣ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጫለሁ። መንገደኞቹ በየተራ መድረስ ጀመሩ። አንዱ ወጣት ላቡን እየጠረገ ሰሌዳውን አየና፣ “ኧረ ያ ሁሉ ገደል እዚህ ላይ የለም እኮ!” አለ። ከሱ ኋላ የሻረግ ነጠላዋን ጥላ ስትሮጥ መጣች።

“ኧረ የሰው ያለህ! ይስማው ወንዙ ላይ ወድቋል!”

ከገበሬዎቹ ጋር ቁልቁል ሮጥን። ያንን ገደል ያን ቀን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ መርገጤ ነው። ብወርድ ብወርድ አያልቅም። ይስማው ውኃው ዳር ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። የሻረግ ገና ከኋላችን እየወረደች ነው። ሰዎቹ ለቃሬዛ እንጨት ሊቆርጡ ሄዱና ሁለታችን ቀረን።

“አለማየሁ።”

“አቤት።”

“ይኼን የሚያህል ወንዝ እንዴት ሳትከው? አንተን አምኜ አሁን ያልቃል እያልኩ ወረድኩ እኮ።”

“አልመጣሁም። በሞተር ነው የዞርኩት።”

ትክ ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ፣ ቢተፋብኝ በወደድኩ። “ለየሻረግ እንዳትነግራት” አለኝ፤ “ከሐኪም ትእዛዝ ወጥቼ ነው እላታለሁ። ትቀየምሃለች።”

በቃሬዛ እየተፈራረቅን አወጣነው። ክረምቱን አልጋ ላይ ከረመ፤ መስከረም ሲጠባ አረፈ። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ “ወንድምህን አጣህ፣ እግዜር ያጽናህ” እያለ አጽናናኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

ለወይዘሪት ፍሬሕይወት ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰሌዳው ወረደ። መንገዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው በእግሬ ሄጄ ንድፉን እንደገና ሠራሁት። ከይጁቤ ወዲያ ውኃው ሦስት ነው፤ አልጎደለም፣ አልተረፈም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

አርባው ካለፈ በኋላ የሻረግ ቤት ሄድኩ። አደራውን አፍርሼ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇ ቆመ።

“ወንዝ እንዳለው ብናውቅ እኮ መሄዳችን አይቀርም ነበር” አለችኝ።

“እንዴት አድርጋችሁ?”

“በቅሎ እንከራይ ነበራ! እሱን አስቀምጬ እኔ እስብለት ነበር።”

ወደ ምስሯ ተመለሰች፤ እኔም ተነሥቼ ወጣሁ።

ወጣት ቀያሾች ስለ ሥራው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ያልረገጣችሁትን መሬት ከፍታ አትጻፉ። መጻፍ ግድ ከሆነባችሁም፣ እዚያው ቁጥሩ አጠገብ “አልረገጥኩትም” ብላችሁ ጻፉ።