የጎሚስታው ፈረስ

ጎሚስታው የጎማ ከመነዳሪ ሲጠግን ነፍቶ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይደፍቀዋል፤ አረፋ ካወጣ ቀዳዳ አለው። ቼዝም የሚጫወተው በዚሁ ዐይን ነው። አጀማመሩን እሱ ይፈጥራል፤ ቀዳዳውን የሚፈልግለት ግን በሠርጉ ዕለት ሚዜው የነበረው፣ ከጎኑ ባትሪ ቤት ያለው ጎረቤቱ ነው።

ዓመቱን ሙሉ የደከሙበት የንጉሥ ጋምቢት የሚባለው አጀማመር ነበር። መጀመሪያ ወታደር ይሰጣል፣ ቀጥሎ ፈረስ። ፈረሱን የበላ ሰው ንጉሡ ራቁቱን ይቀራል። አንድ ቀን ግን ሚዜው አረፋ አየ፤ ተጋጣሚ ፈረሱን ትቶ የዳር ወታደሩን አንድ እርምጃ ቢገፋ ጥቃቱ ሁሉ ይተነፍሳል። ፈረስ ቀርቦለት የማይበላ ጾመኛ ከየት ይመጣል ተባብለው ሳቁ። ነገሩም በሁለቱ መካከል ቀረ።

በቼዝ ክለባቸው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ጎሚስታው አቻ እንኳ ቢወጣ ክለቡን ወክሎ ለአገር አቀፉ ውድድር ይሄዳል። ከተሸነፈ የሚሄደው ሁለተኛው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሚዜው። የደረሰው ተጋጣሚ ፋርማሲስት ነው፤ አንዲት ወታደር ለማንሳት አገጩን ሲያሽ የሚውል። ጎሚስታው ፈረሱን ሰጠ። ፋርማሲስቱ ቀና ሳይል የዳሩን ወታደር ገፋና ሰዓቱን መታ።

ጎሚስታው ክው አለ። ዘወር ብሎ ሚዜውን ፈለገ። ሁልጊዜ ከጀርባው የማይጠፋው ሰው መስኮቱ ጋ ቆሞ የግድግዳ ማስታወቂያ ያነባል። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው መንፈራገጥ ብቻ ሆነ። ንግሥቱን ሲያጣ እጁን ለተጋጣሚው ዘረጋ። ሽማግሌው ዳኛ፣ "ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ" ሲሉ አዳራሹ ሳቀ።

ሚዜውን በረንዳው ላይ ደረሰበት። ሚዜው አይዞህ አለ፤ ፋርማሲስቱ ራሱ አይቶት ይሆናል አለ፤ በመጨረሻ ግን እውነቱን አወጣ።

"አንዴ እንኳ እኔ ልሂድ ብዬ ነው። አንተም ብትሆን ታደርገው ነበር።"

"እኔ እንዳንተ ብሆንማ ኖሮ፣ ወንድሜ፣ ፈረሱን መጀመሪያውኑ አላሳይህም ነበር።"

በማግስቱ ሚዜው የቼዝ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ ጎማ ቤቱ በር ላይ ተገተረ። ለአገር አቀፉ አብሮት የሚለማመድ ሌላ ሰው አልነበረውም። ጎሚስታው ከሚፈታው የጎማ ቸርኬ ቀና አላለም። አንቱታ በመካከላቸው ኖሮ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን፣ እንደማንኛውም ደንበኛ፣

"መኪናዎን የት አቆሙት?" አለው።