ከድር ስለ ጋሼ ይማም የሠራው ፊልም

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት ሱብሒ እንደተሰገደ ነው። ሙቀቱ ገና አልተነሣም። እናቴ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ጋሼ ይማም ደግሞ ባጃጅ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ሙሽራ የሚሸኙ ይመስል ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል።

ጋሼ ይማምን ለማታውቁ ልንገራችሁ። የፊልም ዳይሬክተር ናቸው። በይፋት ቆላ ካሜራ የያዘ ሰው ካያችሁ ወይ ተማሪያቸው ነው ወይ የተማሪያቸው ተማሪ። እኔንና ጓደኛዬን ከድርን በወጣት ማእከሉ አዳራሽ ሰብስበው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ሽንኩርት ሲነቀል ልንቀርጽ ጀውሃ ስንሄድ ካሜራውን ከቦርሳ እንዳናወጣ ይከለክሉን ነበር። «መጀመሪያ አብራችሁ ንቀሉ። ወገባቸው የት ጋ እንደሚያማቸው ሳታውቁ ምኑን ትቀርጻላችሁ?» ይሉናል። በሆዳችን እያማናቸው ነቀልን።

የመጨረሻ ፊልማቸውን ኤዲት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጀርመን አገር ያለ አንድ ፌስቲቫል ወደደውና ጋበዛቸው። ግብዣው የሳቸው ነበር፤ እሳቸው ግን «ጉልበቴ አይችልም፣ ዘይነባ ትሂድ» ብለው ስሜን ላኩ። መናኸሪያ ስንደርስ «እይና ተመለሽ፤ ለልጆቹ ትነግሪያቸዋለሽ» አሉኝ። «እመለሳለሁ ጋሼ» አልኩ። ያኔ ከልቤ ነበር፤ ወላሂ ከልቤ ነበር።

ሃምቡርግ ላይ ፊልሙ ታየ፣ ተጨበጨበ። በመመለሻዬ ሰሞን ግን የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ። መንገድ ተዘጋ። እናቴ በሰው ስልክ ደውላ «እንዳትመጪ!» አለችኝ። ቀረሁ፣ ጥገኝነት ጠየቅኩ። ይህን ማንም ይረዳልኛል። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ማንም ሳይይዘኝ መቅረቴን ግን ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም።

ጉዳዬን የያዘው ሰውዬ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ፊልም ኤዲት አደርጋለሁ።»

«ታዲያ ይሄን ታሪክሽን ለምን አላሳጠርሽውም?»

አስተርጓሚው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። እዚህ አገር ሮቢትን የሚመስለው የልብስ ማጠቢያው ክፍል ሙቀት ብቻ ነው። ውጭው ሁልጊዜ ካፊያ ነው፤ እንደኛው ዶፉን ጥሎ አይገላግላችሁም። ማንጎ አለ፣ ማየት ብቻ ነው እንጂ ጠረን የለውም። ሰው ቤት ለመሄድ እንኳ «ቴርሚን» የሚሉት ቀጠሮ መያዝ አለባችሁ።

በዓመቱ ያው ፌስቲቫል ከድርን በራሱ ፊልም ጋበዘው። ቪዛ ከለከሉት። «ከዚህ በፊት የሄደችው አልተመለሰችም» አሉት አሉ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። ከድር አንድም ቀን አላነሣብኝም። እኔም ይቅር በለኝ አላልኩትም፤ ሰላምታው ላይ እንቆማለን።

አንድ ቀን ደወለ። «ስለ ጋሼ ዘጋቢ ፊልም እየሠራሁ ነው። ተማሪዎቻቸው ሁሉ እየተናገሩ ነው፤ አንቺም ትናገሪያለሽ» አለኝ።

«እኔ በምን አፌ ነው የምናገር ከድር?»

«ያስተማሩሽን ተናገሪ። ሌላ መቼ ጠየቅኩሽ?»

እሑድ ስልኬን መደርደሪያ ላይ አቁሜ ራሴን መቅረጽ ጀመርኩ። ስለ ጋሼ ሳወራ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ አከራዬ በሩን ደበደበችው። «ሩኸ! ጸጥታ! ዛሬ እኮ እሑድ ነው! ደግሞ ማነው ውስጥ ያለው? ውላችን ለአንድ ሰው ነው!»

«ብቻዬን ነኝ። ስለ አስተማሪዬ እየተናገርኩ ነው።»

«ሞተ እንዴ?»

«ኧረ አለ፣ በሕይወት አለ!»

«ታዲያ ለሱ አትነግሪውም? ለግድግዳው ምን ያደርግለታል?» ብላኝ ሄደች።

ፊልሙ አልቆ እዚያው ወጣት ማእከሉ አዳራሽ ከታየ በኋላ ከድር ላከልኝ። ማጀቴ ከተማ ሰርግ የሚቀርጸው ጓደኛችን «ሙሽራዋ ስታለቅስ ካሜራዬን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ጋሼ ናቸው ያስለመዱኝ» ይላል። አዲስ አበባ ተከታታይ ድራማ የምትሠራው ልጅ «አሁንም ተዋናይ ላይ ስጮህ ከኋላዬ የጋሼ ሳል የሚሰማኝ ይመስለኛል» ብላ ትስቃለች። ከዚያ እኔ መጣሁ። ከድር አንዲት ቃል አልቆረጠብኝም። ከሥሬ «ዘይነባ፣ የፊልም ኤዲተር» ብሎ ጽፏል። አንሶላ አጣቢ መሆኔን እያወቀ።

መጨረሻ ላይ ራሳቸው ጋሼ ይማም አሉ፤ ከስተዋል። ከድር ከካሜራው ጀርባ ሆኖ «ጋሼ፣ በተማሪዎችዎ አዝነው ያውቃሉ?» ይላቸዋል። እሳቸውም «ዘይነባን የላክኋት እኔ ነኝ። አንተም ቪዛ የተከለከልከው በኔ ነው። ጥፋት ካለ የኔ ነው፤ እሷን እንዳትነኳት» አሉ።

ይህን ሰምቶ እንዴት ይቀመጣል? ስንት ጊዜ ቁጥራቸውን አውጥቼ ሳልደውል ትቼዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን ለጋሼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ዘይነባ ነኝ።»

«ዘይነባ! አልሀምዱሊላህ! ብርዱ እንዴት አደረገሽ ልጄ?»

«ለመድኩት። አንቱስ ደህና ነዎት? አፉ ይበሉኝ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ...»

«ተይ እስቲ! ዐይኔ ነው እንጂ ደክሞ ያስቸገረኝ፣ ሌላው ደህና ነው። ይልቅ ንገሪኝ፣ ትሠሪያለሽ? ፊልም ትሠሪያለሽ?»

አንሶላ አጥባለሁ ልል ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

«እሠራለሁ ጋሼ።»

«እሰይ! በይ ላኪልኝ፣ ልየው። ቶሎ በይ ግን፣ ይሄ ዐይኔ ጨርሶ ሳይጨልም።»

«እሺ» አልኩ። ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አጠገባቸው ላለው ሰው ሲናገሩ ይሰማኛል፤ «ሰማህ ከድር? አላልኩህም? እየሠራች ነው!»

ከድር ምን ብሎ እንደመለሰላቸው አልሰማሁም።